ሃይድሮጂን ወይስ ባትሪ? ጥያቄው ከሞተሩ ይልቅ የቧንቧው ነው

አዲስ ቅዳም መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ሒሳቡን የሚቆርጠው ታሪፍ አይደለም፤ በሃይላንድ ተሞልቶ ከሱቅ ጀርባ የሚሸጠው ቤንዚን ነው። ማደያ ሲደርቅ ሃይላንዱ ይወደዳል፣ ሃይላንዱ ሲወደድ ባጃጁ ይወደዳል፣ ባጃጁ ሲወደድ ድንች ተሸክማ ለቅዳሜ ገበያ የመጣች እናት በእግሯ ትመለሳለች።

እዚህ ተቀምጦ «የወደፊቱ መኪና ሃይድሮጂን ነው ወይስ ባትሪ?» ብሎ መከራከር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ክርክሩ ግን እዚህም ደርሷል። «ቶዮታ በውሃ የሚሠራ ሞተር ሠራ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አበቃላት» የሚሉ ቪዲዮዎች ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። ገንዘብ ቆጥቦ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ያያቸውና ግራ ይጋባል። ዲኤክሱን ይዞ ይቆይ? አይዲ ፎር ይግዛ? ወይስ «የውሃውን» ይጠብቅ? ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የሚያወጣው ለቤት ወይም ለመኪና ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለመመለስ ደግሞ ከወደፊቱ ይልቅ ወደኋላ ማየት ይሻላል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። በውሃ የሚሠራ መኪና የለም። ውሃ የተቃጠለ ሃይድሮጂን ነው፤ አመድ እንደማለት። አመድን መልሶ እንጨት ለማድረግ መጀመሪያ ከሰጠው የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቃል። ሃይድሮጂንን ከውሃ ለመለየትም እንደዚያው ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ስለዚህ ሃይድሮጂን እንደ ድፍድፍ ነዳጅ ተቆፍሮ የሚወጣ ምንጭ ሳይሆን ጉልበትን ከቦታ ቦታ የምንወስድበት ዕቃ ነው። ባትሪም ዕቃ ነው። ክርክሩ የትኛው ዕቃ ያነሰ ያፈሳል የሚል ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞት መጣ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። ከእነሱ በፊት ሕዝቡ የሚያውቀው «የሰርኪስ ባቡር» የተባለውን፣ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውን የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ ነበር። ንጉሡ መኪናውን ወደዱት። ግን ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ስለነበር (አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው) ቤንዚኑ ከዚያ ወዲህ በግመልና በበቅሎ መምጣት ነበረበት። መኪናችንን የሚያንቀሳቅሰው ነገር ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በሌላ ሰው ወደብ አልፎ፣ በእንስሳ ጀርባ ሲደርሰን ያየነው ያኔ ነው። ግመሉ በቦቴ ተተካ እንጂ ነገሩ ዛሬም ያው ነው።

በዚያው ዘመን ውጭ አገር ምን እንደነበረ ስታዩ ትገረማላችሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈችው መኪና የኤሌክትሪክ ነበረች፤ ቤልጄማዊው ካሚል ዠናትዚ እ.ኤ.አ. በ1899 ነድቷታል። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት መኪኖች ከሩብ በላይ የሚሆኑት በባትሪ የሚሄዱ ነበሩ። ድምፅ የላቸውም፣ አይሸቱም፣ በማኑዌላ መንዘር አይፈልጉም። ሃይድሮጂን ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ፍራንሷ ኢዛክ ደ ሪቫዝ የተባለ ሰው በሃይድሮጂን የሚሠራ ሞተር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው፤ ቤንዚን ሞተር ከመታሰቡ በፊት ማለት ነው። ሃይድሮጂንን ሳያቃጥል በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ፊውል ሴልም ዌልሳዊው ዊሊያም ግሮቭ በ1830ዎቹ መጨረሻ አሳይቷል። «አዲሱ ቴክኖሎጂ» ሲሏችሁ የሁለት መቶ ዓመት አዛውንት መሆኑን አትርሱ።

ታዲያ ቤንዚን እንዴት አሸነፈ? በሞተሩ ብልጫ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 ነዳጅ እንደ ምንጭ ፈለቀ፣ ፎርድ በ1908 ርካሽ መኪና አወጣ፣ በ1912 ደግሞ ካዲላክ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠሙና ማኑዌላ ቀረ። (የኤሌክትሪክ መኪናን ገበያ ካበላሹት ነገሮች አንዱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር መሆኗ ሁልጊዜ ያስቀኛል።) ከሁሉ በላይ ግን ቤንዚን በቆርቆሮ ተሸክሞ የትም ማድረስ ይቻል ነበር፤ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ከከተማ አይወጣም። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቤንዚን ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚያደርግም ታሪክ ያሳያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያንን ጨምሮ መላው አውሮፓ ነዳጅ ተቸግሮ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ መኪኖች ላይ ምድጃ ገጥሞ በእንጨትና በከሰል ጋዝ ነድቷል። ከሰል አየርና እንፋሎት እያገኘ በታፈነ ምድጃ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ከጎኑም ሃይድሮጂን አለ። እኛ ፋግታ ለኮማዎች በዲከረንስ ከሰል የምንታወቅ ሰዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። የተጎዳና አሲዳማ መሬታችን ላይ ዲከረንስ ተክለን፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ዘርተን፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጠን ከሰል አድርገን በአይሱዙ እንጭናለን። አይሱዙው የሚሄደው በናፍጣ ነው። የራሳችንን ጉልበት ለመሸጥ የሌላ አገር ጉልበት እንገዛለን።

የነዳጅ ጥገኝነት ፖለቲካችንን ምን እንዳደረገው የሚያውቅ ያውቀዋል። የካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲዎች ሥራ ሲያቆሙ መነሻው የቤንዚን ዋጋ ነበር። የአረብና የእስራኤል ጦርነት ያናረው ዋጋ ነው ንጉሡ ደጅ የደረሰው። መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን ቀነስ አደረገ፤ ነገሩ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር። መስከረም ሲጠባ የዘመናት ዘውድ ወረደ። ዘውዱን የጣለው ቤንዚን ብቻ ነው አልልም፤ ወሎ ላይ ረሃብ ነበር፣ መሬት ላራሹ ነበር፣ መምህሩም ወታደሩም ተነሥቶ ነበር። ክብሪቱ ግን ከማደያ ነው የመጣው።

ከዚህ ለመውጣት ያልተሞከረ የለም። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። ድፍድፉን አስመጥተን ራሳችን እናጣራለን ተባለ። ኤርትራ ከተለየች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ጦርነት መጣና አሰብ ራሷ ተዘጋች። ቀጥሎ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል መጣ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ተጀመረ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ዛሬ ማደያ ላይ ስለ ኤታኖል የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ ጥሩኝ።

አሁን ወዳለንበት ጊዜ እንምጣ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር በአገር ውስጥ የገጣጠመውን የሃዩንዳይ የኤሌክትሪክ መኪና ሲያሳይ ብዙዎቻችን «የሀብታም መጫወቻ» ብለን አለፍነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የነበረውን ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ አነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክልከላ ነው ተባለ። ምክንያቱን ለማስረዳት የአየር ንብረት ብዙም አላስፈለገም፤ አገሪቱ ነዳጅ ለማስገባት በዓመት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ታወጣ ነበር። ቡና ሸጠን፣ ሰሊጥ ሸጠን፣ አበባ ሸጠን የምናገኘውን ጭስ አድርገን እንለቀው ነበር። ጥር 2017 ዓ.ም. ዋዜማ ላይ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ክርክሩ ለብዙ ሰው አከተመ። ባለሥልጣናቱ አሁን ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና አገር ውስጥ እንዳለ ይናገራሉ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። ወደ ግድቡ የሚወስደው አንዱ መንገድ ከእንጅባራ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወርደው ነው። ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪኖች በደጃችን ሲያልፉ አሥራ አራት ዓመት አይተናል፤ ቦንድም ገዝተናል። እንግዲህ ከዚያ ግድብ የሚወጣውን ጉልበት ጎማ ላይ ለማድረስ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከውሃ ለመለየት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከዚያ መኪና ታንክ ውስጥ እንዲገባ በ700 የከባቢ አየር ግፊት መጨመቅ አለበት፤ ይህም ኤሌክትሪክ ነው። በዚያ አንድ ኪሎ እንደ ቶዮታ ሚራይ ያለ መኪና ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያንኑ 100 ኪሎ ሜትር የባትሪ መኪና ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ታስቦ በ20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። ሃይድሮጂኑን በፊውል ሴል ሳይሆን እንደ ቤንዚን በፒስተን ካቃጠላችሁት ደግሞ ይብሳል። ቪዲዮው ላይ የምታዩት የቶዮታ ኮሮላ ያ ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ፉጂ ላይ የ24 ሰዓት ውድድር ገብቶ ነዳጅ ለመሙላት ደጋግሞ ሲቆም ውሏል። ኢንጂነሮቹን አከብራለሁ። ለቤተሰብ መኪና ግን ምስክር አይሆንም።

የእኛን አገር ልኬት ልጨምር። 100 ሺህ መኪኖች እያንዳንዳቸው በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢነዱ በባትሪ የሚፈጁት 300 ጊጋዋት ሰዓት ነው። ከሕዳሴ ግድብ በዓመት የሚጠበቀው ከ15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት በላይ ስለሆነ ይህ ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሃይድሮጂን ከሆነ ስድስት በመቶ። አራት በመቶው ምንም ሳይሠራ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት ባላገኘበት አገር።

ደጋ ላይ ለሚነዳ ሰው ሌላም ነገር አለ። አየር በሚያቃጥል ሞተር ሁሉ፣ ቤንዚንም ሆነ ሃይድሮጂን፣ ከፍታ ጉልበት ይሰርቃል። ተርቦ ከሌለው በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ብትሉ አትሳሳቱም። የእኛ አገር 2,400 ሜትር ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። የዓባይ በረሃን ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ከማቃጠል ይልቅ ባትሪ ይሞላል፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ለሚወጣ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ለሃይድሮጂን ፍትሕ ልስጥ። በአምስት ደቂቃ ይሞላል፤ አብዛኞቹ የባትሪ መኪኖች ይህን አይችሉም። ከባድ ጭነት ይዞ ከጅቡቲ ለሚመጣ ተሳቢ የባትሪው ክብደት ሸክም ነው፣ የሃይድሮጂን ታንክ ይቀላል። ለዚህ ነው ብዙ አገር ለከባድ መኪናና ለባቡር የሞከረው። ሙከራው ግን ምን ሆነ? በጀርመን የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት በዓለም የመጀመሪያውን መንገደኛ የሚያጓጉዝ የሃይድሮጂን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 አስጀምሮ፣ በ2023 ከዚህ በኋላ የምገዛው የባትሪ ነው አለ። ሼል በ2024 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ የነበሩትን የትናንሽ መኪኖች የሃይድሮጂን ማደያዎች ዘጋ። ሚራይ ገዝተው የነበሩ ሰዎች መኪናቸውን ይዘው ማደያ ሲፈልጉ መዋል ጀመሩ። ካሊፎርኒያ እንዲህ ከሆነ ዳንግላ ላይ 700 ግፊት የሚችል ማደያ ማን ይተክላል? ተክሎስ ማን ይጠግነዋል?

እዚህ ላይ «ባትሪ አሸነፈ» ብዬ ብዘጋ ጥሩ ነበር። ግን አልችልም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ እናንሣ፦ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናን የገደላት መስመሩ ከከተማ አለመውጣቱ ነው። እኛ ዛሬ እዚያው ነጥብ ላይ ነን። ኢትዮ ቴሌኮምን የመሰሉ ተቋማት ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ አዲስ አበባ ላይ ከፍተዋል። ጎጃም መንገድ ላይ ግን ከአዲስ አበባ እስከ እኛ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች በፋብሪካው ወረቀት ላይ ያንን ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ርቀት ይጻፍላቸዋል፤ ወረቀቱ ግን የዓባይን ዳገት አያውቅም። ሕጉ ነዳጅ መኪና አታስገባ አለ፤ በገጠር ከተማ የሚኖረው ሰው ደግሞ የኤሌክትሪኩን ገዝቶ የሚሞላበት የለውም። ስለዚህ ያለውን አሮጌ ዲኤክስና ቪትዝ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ የአሮጌው ዋጋም ይሰቀላል። ሠላሳ ዓመት የነዳች መኪና ከዓመት ዓመት እየተወደደች የምትሄድበት አገር ከእኛ ውጭ ካለ ንገሩኝ።

ጥገናውም አለ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ኤሌክትሪክ ነው፣ ከራሳችን ግድብ ነው ተብሎ ደስ ብሎን ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ነዳጅ ባይገዛም መለዋወጫው በዶላር ነው። መኪናዎቹም ወደዚያው እንዳይሄዱ እፈራለሁ። የካርቡሬተር ችግር በጆሮው የሚያውቅ መካኒክ በየከተማው አለን፤ የባትሪ ሴል ለይቶ የሚጠግን ግን አዲስ አበባ ውስጥም በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ የማውቀው ሰው ሶፍትዌሩ በቻይንኛ የተዘጋ መኪና ገዝቶ፣ ማስጠንቀቂያ በበራ ቁጥር ስክሪኑን ፎቶ እያነሣ ለሚተረጉምለት ዘመዱ ይልካል።

ክልላችን ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለውን ሁኔታ ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። መንገድ ሲዘጋ ቦቴ አይገባም። መስመር ሲበጠስ መብራትም ይጠፋል፣ ጠጋኙም መንገድ ያስፈልገዋል። የትኛውም ቴክኖሎጂ ከሰላም በላይ አይሄድም።

ሃይድሮጂንን ግን ከነጭራሹ ጣሉት ማለቴ አይደለም። ቦታውን ተሳስተን ነው የምንፈልገው። ከእኛው ወንዝ ታች፣ አስዋን ላይ፣ ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1960 ኪማ የሚባል ፋብሪካ ከፈቱ። ዓባይ ከሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ውሃን ለይተው ሃይድሮጂን አወጡ፣ ሃይድሮጂኑን ከአየር ናይትሮጂን ጋር አዋሕደው አሞኒያ፣ ከአሞኒያው ማዳበሪያ ሠሩ። ውሃው ከእኛ የወረደ ነው፤ ማዳበሪያው የእነሱ እርሻ ላይ ዋለ። ለአሥርት ዓመታት እንደዚያ ሠርተው በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሩ። እኛ በ2010ሮቹ በየክረምቱ «ማዳበሪያ መቼ ይገባል?» እያልን ዩኒየን ደጃፍ ስንሰለፍ እነሱ ይህን ከጨረሱ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል።

አሁን ጎዴ ላይ መንግሥት ከናይጄሪያዊው ዳንጎቴ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ሊሠራ ተስማምቶ በመስከረም 2018 ዓ.ም. መሠረት ተጥሏል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ይጠበቃል። እዚያም ውስጥ የሚሠራው ሃይድሮጂን ነው፤ ከካሉብና ሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣ። የአዊ ገበሬ ሃይድሮጂንን የሚያገኘው በመኪና ታንክ ሳይሆን በኩንታል ጆንያ ነው። (ዩሪያ ብቻውን አሲዳማውን መሬታችንን የበለጠ ያኮመጥጠዋል፤ ኖራ ካልመጣ ግማሽ ሥራ ነው። ይህን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

ለመኪናው ግን የምመክረው ቀላል ነው። ገንዘብ ያላችሁና አዲስ አበባ የምትኖሩ፣ ሃይድሮጂን አትጠብቁ። እዚህ ደጋ ላይ ያላችሁ፣ ከአይዲ ፎር በፊት የኤሌክትሪክ ባጃጅ እዩ። ባጃጅ ከከተማ አይወጣም፣ ሌሊቱን ከቤት ሶኬት ይሞላል፣ ፈጣን ማደያ አይፈልግም። ፈረስ ጋሪን የተካው ባጃጅ ከሆነ ቤንዚኑን መተካት የሚጀምረውም ከእሱ ነው። መንግሥትም እንጅባራ፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ሦስት ቻርጅ ማድረጊያ ቢተክል ከአሥር መግለጫ ይሻለናል።

ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ለአንድ ወጣት ባጃጅ ነጂ እየሄድን አስረዳሁት። ጉባን ነገርኩት፣ የኪሎዋቱን ሒሳብ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሲያወርደኝ፣

«ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ።

«ቤንዚንስ አይጠፋም?»

«ቤንዚን ሲጠፋ ሃይላንድ አለ። መብራት በሃይላንድ አይሸጥ።»

ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።